የእሁድ ጠዋት የመጀመሪያዋ ጥያቄ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ከካርቱም በወድ መደኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደረስኩት የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሰሊጡ ወደ ገበያ እየገባ፣ ማሽላው ግን ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። የገዳሪፍ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት መኪና ይውጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር እየታረሰ የሱዳን የእህል ጎተራ ለመሆን በቅቷል። ሰሊጡን የሚያጭደው ግን ዛሬም የሰው እጅ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የእኛ አገር ሰው እጅ ብዙ ነው። በገበያው ዳር ባሉት ቡና መሸጫዎች አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ በአንድ ጀበና ዙሪያ ይሰማሉ።

የመጣሁበት ጉዳይ የኮምፒውተር ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት በስደተኛ ጣቢያዎችና በአቅራቢያቸው ባሉ ከተሞች ክሊኒኮች አሉት። የታካሚ ካርድ የሚያዘው በታብሌት ነው። የጤና ባለሙያዋ ስም ስትጽፍ ጥያቄው በሞባይል ኔትወርክ ወደ ገዳሪፍ ይመጣል፤ ከቢሮው ጓሮ ባለች ክፍል የተቀመጡ ሦስት ሰርቨሮች ተጋግዘው ይፈልጉና መልሱን ይልካሉ። ሦስቱ አንድ ክላስተር ናቸው፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ሶፍትዌሩ ኢላስቲክሰርች ነው።

ስም መፈለግ ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ድንበር ላይ ግን ከባድ ሥራ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ኃይለ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይለ» ይለዋል፤ ሱዳናዊው መዝጋቢ ደግሞ በዓረብኛ ፊደል እንደሰማው ያሰፍረዋል። የአባት ስም በአያት ስም የተተካበት፣ መንደሩ እንደ ስም የተመዘገበበት ካርድም አለ። ስለዚህ ሰርቨሩ የተጻፈለትን ስም ብቻ ሳይሆን የሚመስሉትንም ሁሉ መፈለግ አለበት። አንዲት ጥያቄ የስሞቹ ማውጫ (ኢንዴክሱ) ውስጥ ብዙ ቦታ ትነካለች። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከክሊኒኮቹ የሚመጣው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ጠዋት ጠዋት ሲስተም የለም»። ከአዲስ አበባ ባንክ ቤት እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህን ቃል ያልሰማ ሰው የለም። የገዳሪፍ ቢሮ ወጣቶች ግን ስክሪናቸውን አዙረው አሳዩኝ። የፍለጋው አማካይ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ከክሊኒክ ስልክ ሲደወልላቸው ያንኑ ስም ራሳቸው ይሞክሩታል፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። «ኔትወርኩ ይሆናል» ይላሉ፤ ስልኩም ይዘጋል።

እውነታቸውን ነበር፤ ቁጥሩ አይዋሽም። ነገር ግን መቶ ጥያቄ እያንዳንዷ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ብትወስድና አንዲቷ 30 ሰከንድ ብትፈጅ፣ አማካዩ ስድስት አስረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ያቺ አንዲት ጥያቄ አማካዩ ውስጥ ሰጥማ ትቀራለች። ሰጥማ የምትቀረው ደግሞ የማን ጥያቄ እንደሆነች ለማወቅ ቢሮ መቀመጥ አይበቃም። ክላስተሩ ሌሊቱን ሙሉ ፍለጋ ሳይመጣበት አድሮ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሲቀበል፣ ጥያቄዋ በምትነሳበት ቦታ መገኘት ነበረብኝ። አቤቱታው የበረከተው በሰቲት ወንዝ ዳር ካለችው ከወድ ኤል ሒለው ከተማ ስለነበር ወደዚያ ለመሄድ ተነሳሁ።

መንገድ ላይ

ከገዳሪፍ ወደ ሸዋክ የሚወስደው አስፋልት ወደ ከሰላና ወደ ፖርት ሱዳን የሚቀጥለው አውራ ጎዳና ነው። ሸዋክ የሚገኘው አትባራ ወንዝ ዳር ነው። አትባራን እኛ ከላይ ጓንግ እንለዋለን፤ ከጎንደር አካባቢ ደጋ ወርዶ በመተማ በኩል የሚያልፈው ነው። ከሸዋክ በላይ ከሰቲት ጋር ይገናኛል፤ ሰቲት ደግሞ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ በሑመራ በኩል የሚመጣው የእኛው ተከዜ ነው። በሁለቱ ወንዞች ላይ ሩሜላና ቡርዳና የሚባሉ ሁለት ግድቦች ተያይዘው ተሠርተዋል፤ የተመረቁት በ2009 ዓ.ም. ሲሆን 320 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ውሃው ሲተኛ ቁጥር ወደ ተሰጣቸው አዳዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው «መንደር ስምንት» በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ድንበር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ማረፊያ ሆነች።

በዚያ ዓመት ከኅዳር ጀምሮ በሐምዳይትና በሉግዲ የድንበር መሻገሪያዎች በኩል ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብቷል። በረሃብና በጦርነት ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ ጣቢያ እንደገና ተከፈተ፤ ቀጥሎም የቱናይድባ ጣቢያ ተጨመረ። ኤርትራውያን ስደተኞችም በዚህ አካባቢ ለአሥርት ዓመታት ኖረዋል። ወድ ኤል ሒለው ሁሉንም አስተናግዳለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቲት ሞልቶ ሲወርድ ከላይ የሰው አስከሬን ይዞ መጣ፤ የወድ ኤል ሒለው ዓሣ አጥማጆችና ስደተኞች ከውሃው እያወጡ በወንዙ ዳር ቀበሩ። ከተማዋን ከሩቅ ሳይ ያሰብኩት ስለዚያ ነው። ስም ማግኘትና አለማግኘት እዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ሾፌሩ የትራክተር ፈለግ እየተከተለ ነዳ። ለሚመጣ ሰው ምክር ልስጥ፤ በክረምት ይህን መንገድ አትሞክሩት።

ወድ ኤል ሒለው

ክሊኒኩ የብሎኬት ሁለት ክፍልና ፊት ለፊቱ በአገዳና በሳር የተሠራ ዳስ ነው፤ ሱዳኖቹ ራኩባ ይሉታል። በሱዳን ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ የሳምንቱ ሥራ የሚጀምረው እሁድ ነው። እሁድ ንጋት ላይ ዳሱ ሞልቶ ነበር። ሌሊት ተነስተው ከእርሻ ካምፕ በእግር የመጡ ሠራተኞች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው የመጡ አንዲት አሮጊት። መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ብዙውን ጊዜ የባሰበት መሆኑን ያስተዋልኩት እዚያ ነው። ትኩሳት ያላስተኛው ሰው ነው ጨለማውን ሰንጥቆ የሚመጣው።

ሲስተር ብለን የምንጠራት የክሊኒኩ ነርስ ታብሌቷን ከፈተች። እኔ ሰዓቴን ይዤ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ኢንጂነር፣ አሁን ታያለህ» አለችኝና የመጀመሪያውን ታካሚ ስም ጻፈች። ክቡ ይሽከረከር ጀመር። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ። ሠላሳ ሲሞላ «አልተገኘም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ሁለተኛው እንዴት ነው?»

«ሁለተኛው ይሻላል፣ ግን ይቆያል። ሦስተኛው ላይ ደህና ይሆናል። ሰው ቆሞ ሲያየኝ ግን ሦስት ጊዜ ልሞክር አልችልም፣ ወንድሜ። አዲስ ካርድ እከፍታለሁ።»

ሠላሳ ሰከንድ ምን አላት የሚል ሰው አይጠፋም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ታካሚው ያቃስታል፣ ማሽኑ ደግሞ አልተገኘም ብሏል። በአገራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካርድ ሲጠፋ አዲስ ይወጣል። አዲስ ካርድ ሲወጣ ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል። የአንዱ ልጅ የኩፍኝ ክትባት በአንዱ ካርድ፣ ክብደቱ በሌላው ካርድ ይቀራል። ድርጅቱ ከሌሎች ቀናት ይልቅ እሁድ የሚከፈቱ ካርዶች ለምን እንደሚበዙ ምክንያቱን ሲፈልግ ቆይቶ ነበር፤ አንዳንዱ ሰው ራሽን ለማብዛት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል ብሎ የጠረጠረም ነበር። ይህን ስሰማ አዘንኩ። የዘገየው ማሽን ነው፣ የተጠረጠረው ግን ድሃው ነው።

የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ታካሚ ከሰሊጥ አጨዳ የመጣ ወጣት ነበር። ትኩሳቱ ሳምንታት ቆይቶበታል፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጧል። ካላዛር በዚህ አገር ነባር በሽታ ነው፤ ከገዳሪፍ የአትባራና የራሃድ ወንዞች ዳር እስከ መተማና ሑመራ ድረስ የአሸዋ ዝንብ ያስተላልፈዋል፣ ጊዜያዊ የእርሻ ሠራተኛውን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ለ17 ቀን በመርፌ የሚሰጡበት ነው። አንዴ ታክሞ ያገረሸበት ሰው ግን እንደ አዲስ ታማሚ አይታይም፤ መድኃኒቱም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ታክመህ ታውቃለህ?» የሚለው ነው፤ መልሱም ካርዱ ላይ ነው። ወጣቱ ራሱ «መርፌውን ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ» ብሎ ስለተናገረ ሲስተር ደጋግማ ፈልጋ ካርዱን አገኘችው። አቅሉን ስቶ ቢመጣ ኖሮ አዲስ ታማሚ ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። እያንዳንዷን ፍለጋ በደብተር ጻፍኩ፤ ስሙን ሳይሆን ሰዓቱንና የቆየችበትን ጊዜ። እዚህ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ሲስተር የምትቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ትላለች። ታብሌቷ የአዲስ አበባን ሰዓት እንደያዘ ቀርቷል። ሱዳን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነች። ሰርቨሮቹ ደግሞ የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ስለዚህ የሲስተር 2፡10 በታብሌቱ 9፡10፣ በሰርቨሩ ሎግ 6፡10 ነው። ይህ ሳይስተካከል ሎግ ማንበብ በባዕድ ሰው ማስታወሻ ውስጥ የራስን ቀን እንደመፈለግ ይሆናል።

ማታ ላይ ከወንዙ ነፋስ ሲመጣ የክሊኒኩ ዘበኛ ሻይ አፈሉልን። «ያ ኢብኒ (ልጄ)፣ ማሽኑ ምን ሆነ?» አሉኝ። «እንቅልፍ በዝቶበታል፣ ያ ዓም (አጎቴ)» አልኳቸው። «ዓርብ ሁላችንም እናርፋለን» አሉና ሻዩን ጨመሩልኝ።

እንደገና ገዳሪፍ

ደብተሬን ይዤ ሎጉን ከፈትኩ። ኢላስቲክሰርች ለእያንዳንዷ ጥያቄ ራሱ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሠራባት ከመልሱ ጋር ይልካል። ያንን ቁጥር ጠያቂው በእጁ ሰዓት ከለካው ጋር ማስተያየት የምርመራው መጀመሪያ ነው። ጠያቂው ሠላሳ ሰከንድ ጠብቆ ሰርቨሩ ሠላሳውንም ሠርቶ ከሆነ በሽታው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ በቅጽበት ጨርሶ ጠያቂው ከጠበቀ ደግሞ በሽታው መንገድ ላይ ነው።

ያገኘሁት ከሁለቱም የተለየ ነበር። የእሁዷ የመጀመሪያ ጥያቄ በክላስተሩ ሎግ ውስጥ ጭራሽ የለችም። ሲስተር ስትጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሦስቱም ሰርቨሮች ግን አልሰሙም። በአማካዩ ውስጥ ያልታየችውም ከመጀመሪያው ስላልተቆጠረች ነው።

ምክንያቱ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ከታብሌቶቹ ጥያቄ የሚቀበለው ማሽን ሌላ ነው፤ በእሱና በክላስተሩ መካከል ፋየርዎል አለ። ማሽኑ ለእያንዳንዷ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ላለመክፈት የከፈታቸውን ግንኙነቶች ይዞ ይቆያል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ፋየርዎሉ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ምንም ያልተላለፈበትን ግንኙነት ከዝርዝሩ ይሰርዛል፤ ሲሰርዝ ለማንም አይናገርም። ይህም የተለመደ ነው። ሊኑክስ በነባሪ ቅንብሩ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው ከ7200 ሰከንድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያም ፕሮግራሙ ፍተሻው እንዲደረግ ከጠየቀ ብቻ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሲገናኙ ግን ዓርብና ቅዳሜ አልፎ እሁድ ጠዋት የመጀመሪያዋ ጥያቄ በሞተ ግንኙነት ላይ ትላካለች። የላከው ማሽን መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ይልካል፤ ሊኑክስ በነባሪው 15 ጊዜ ስለሚሞክር ተስፋ እስኪቆርጥ ከ15 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ታብሌቱ ግን በሠላሳ ሰከንድ ይተዋል። ሁለተኛዋ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ተከፍቶላት ታልፋለች። ከቢሮ የሚሞክረው ልጅ ሁልጊዜ የሚያገኘው ይህን የተከፈተ መንገድ ነው።

ፍተሻው በየጥቂት ደቂቃው እንዲደረግ አዘዝን። የድጋሚ ሙከራውን ብዛትም ከ15 ወደ 5 ዝቅ አደረግነው፤ የኢላስቲክሰርች መመሪያ ለክላስተሩ ማሽኖች ራሱ የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ያኔ የሞተ ግንኙነት በሰከንዶች ውስጥ ይታወቃል።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ክላስተሩ ጋ ደረሰች። አሁንም ግን ዘገየች፤ በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ ከአሥር ሰከንድ በላይ እንደሠራባት መዘገበ። ከአንዱ በሽታ ሥር ሌላ ነበረ።

የዚህ ዓይነት ችግር ዋናው አስቸጋሪነቱ ሙከራው ራሱ ችግሩን ማጥፋቱ ነው። አንዴ ስትጠይቀው ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ ምንም ብትጠይቀው ፈጣን ነው። አንድ ሙከራ አንድ ሌሊት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን፣ ሌሊቱን እየተውነው፣ በማለዳ አንዲት ጥያቄ ብቻ እየጠየቅን ሄድን። ትዕግሥት የሌለው ሰው በአንድ ቀን አምስት ነገር ይለውጥና የትኛው እንደሠራ ሳያውቅ ይቀራል።

ሌሊት ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ምሽት ከሰርቨሮቹ ጋር አደርኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የባክአፕ ሥራው ተነሳና ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመረ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ኢላስቲክሰርች ሥር ያለው ሉሲን የተባለው የፍለጋ ሞተር የኢንዴክሱን ፋይሎች በፍጥነት ለማንበብ የሚተማመነው ሊኑክስ በትርፉ ራም ውስጥ ይዞ በሚያቆይለት ቅጂ ላይ ነው። ቀን ሲሠራበት የዋለው የኢንዴክስ ክፍል ራም ውስጥ አለ። ባክአፑ ግን ሁሉንም ፋይል ስላነበበ ራሙ በባክአፕ ፋይሎች ተሞላ፤ የስም ኢንዴክሱ ተገፍቶ ወጣ። ጠዋት የምትመጣው ጥያቄ ከዲስክ ማንበብ ይኖርባታል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ቦታ ፈልጎ ለማንበብ አሥር ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ በሰከንድ ወደ መቶ ቦታ መሆኑ ነው። ራም ያንኑ በመቶ ናኖ ሰከንድ ገደማ ያደርገዋል፤ የመቶ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። የሚመሳሰሉ ስሞችን ሁሉ የምትፈልግ ጥያቄ ብዙ መቶ ቦታ ትነካለች። ሰከንዶቹ ከየት እንደመጡ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሁለተኛው ምክንያት ስዋፕ ነው። ሊኑክስ ብዙ ያልተነካ ሚሞሪን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ባክአፑ ራም ሲፈልግ ሌሊቱን ሥራ ፈቶ የተቀመጠው የኢላስቲክሰርች ሚሞሪ ከፊሉ ወደ ዲስክ ወረደ። ጠዋት ሲፈለግ ቁራጭ በቁራጭ ይመለሳል። በአንድ ትእዛዝ የሚታይ ነገር ነው፤ የስዋፕ ገቢና ወጪ ዓምዶች ሌት ተቀን ዜሮ መሆን ሲገባቸው ጠዋት ላይ ዘለሉ።

ሦስተኛው ከሶፍትዌሩ ንድፍ የመጣ ነው፤ ጉድለት ሳይሆን መመሪያው ላይ በግልጽ የተጻፈ ባሕርይ ነው። ከሰባተኛው እትም ወዲህ ኢላስቲክሰርች ለ30 ሰከንድ ፍለጋ ያልመጣበትን የኢንዴክስ ክፍል ሥራ ፈት ይለዋል፤ አዲስ የገባውን መረጃ ለፍለጋ የሚያዘጋጅበትን የየሰከንዱን እድሳትም ያቆምለታል። ሲጠየቅ ያኔ ያድሳል፤ ጠያቂው እድሳቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ለብዙ ሥራ ይህ ጠቃሚ ቁጠባ ነው። እዚህ ግን ታብሌቶቹ ቀን ያጠራቀሙትን ሁሉ የሚልኩት ኔትወርክ ቀለል ሲል፣ ሌሊት ነው። ያ ሁሉ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው የእሁዷን የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

መፍትሔዎቹ ከምርመራው ይልቅ ቀላል ሆኑ። ስዋፑ ተዘጋ፣ የኢላስቲክሰርች ሚሞሪ ራም ውስጥ እንዲቆለፍ ታዘዘ። ዲስኩን በሙሉ የሚገለብጠው ባክአፕ ቀርቶ የኢላስቲክሰርች የራሱ ስናፕሾት ተተካ፤ እሱ ካለፈው ወዲህ የተጨመሩትን ፋይሎች ብቻ ነው የሚወስደው። የእድሳቱ ጊዜ በግልጽ ተጻፈ፤ በግልጽ ሲጻፍ ሥራ ፈት የመባሉ ሕግ አይሠራም።

በመጨረሻ የማሟሻ ጥያቄ ጨመርን። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን ሳታሟሽ የመጀመሪያውን እንጀራ ለእንግዳ አታወጣም። ክሊኒኮቹ ከመከፈታቸው በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክላስተሩ በአካባቢው የተለመዱ ስሞችን በእውነተኛው የፍለጋ መልክ ራሱን ይጠይቃል። የስሞቹን ዝርዝር ያወጣችልን ሲስተር ናት። ባዶ ጥያቄ መላክ አይጠቅምም፤ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ የሚያስፈልገውን የኢንዴክስ ክፍል ወደ ራም አያመጣም። ሶለር የተባለው ሌላው የፍለጋ ሰርቨር ይህን በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ በኢላስቲክሰርች ግን ተመሳሳዩ መሣሪያ ከአምስተኛው እትም ጀምሮ ስለተወገደ በራስ እጅ መሥራት ያስፈልጋል።

ገና ስደርስ «በየደቂቃው አንድ ጥያቄ ላክበትና ይለቅህ» ብሎ የመከረኝ ባልደረባ ነበር። አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። እንዲያ ብናደርግ አቤቱታው ይቀር ነበር፤ የሞተው ግንኙነት፣ ስዋፑና ባክአፑ ግን ተሸፍነው ይቀመጡና መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ በተነሱ ቁጥር ብቅ ይሉ ነበር። ገዳሪፍ ደግሞ መብራት የሚጠፋባት ከተማ ናት። ማሟሻ የሚጠቅመው በሽታው ከታወቀና ከታከመ በኋላ ነው።

ወድ ኤል ሒለው፣ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.

ማሽላው እየታጨደ ሳለ በአንድ እሁድ ጠዋት ተመልሼ ዳሱ ሥር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ታካሚ መንታ የወለደች እናት ነበረች። ሲስተር የልጆቹን ስም ጻፈች። ክቡ መሽከርከር ሳይጀምር ሁለቱም ካርዶች ወጡ። ሰዓቴን አላየሁም፤ ማየት አላስፈለገም።

የቀረው ሥራ ግን ረጅም ነበር። ባለፉት ወራት በእሁድ ጠዋት የተከፈቱትን ድርብ ካርዶች ማዋሐድ የማሽን ሥራ አይደለም። ሲስተርና ባልደረቦቿ ታካሚዎቹን እየጠሩ፣ የእናት ስምና የመጡበትን መንደር እየጠየቁ፣ አንድ በአንድ ያጣምሯቸው ነበር። ስለ ራሽን የነበረው ጥርጣሬ መነሳቱን ከድርጅቱ ኃላፊዎች ሰምቻለሁ፤ ለሕዝቡ ግን በይፋ ቢነገር ደስ ይለኝ ነበር። ሌላም ሐሳብ ትቼላቸው መጥቻለሁ፤ እያንዳንዱ ታብሌት የራሱን ክሊኒክ ካርዶች ቅጂ ይዞ እንዲያድር። ገዳሪፍ ያለው ክላስተር ምንም ያህል ቢፈጥን መንገዱ ከተዘጋ አይደረስበትም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሳ፤ ገዳሪፍም ከዋና ከተማዋ በሸሹ ሰዎች ተሞላች። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ደግሞ በአብዛኛው ሱዳን የሞባይል ኔትወርክ ጠፋ፤ የፈራሁት የመንገድ መዘጋት ደረሰ።

በአገራችንም ካርድ ክፍላቸውን ወደ ኮምፒውተር እያዛወሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አሉ። እነዚህን ሥርዓቶች የምታስተዳድሩ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከበዓል ማግሥት፣ ወይም ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተገኙ። የመጀመሪያዋን ፍለጋ በእጅ ሰዓታችሁ ለኩ፤ ከዚያ ሎጋችሁን ክፈቱና ያቺ ጥያቄ መመዝገቧን አረጋግጡ። ካልተመዘገበች ከግንኙነቱ ጀምሩ።